አንዲት «ች»

አምስት ወር ሙሉ «መጣ» ብዬ ጻፍኩ፤
በሰማያዊ ደብተር፣ በደነዘ እርሳስ፣
የሌሊቱን አውቶቡስ መልሼ ቤቴ ስደርስ፣
ጃኬቴን ሳላወልቅ፣ ጫማዬን ሳልፈታ፣
ከኩሽናው መስኮት ሥር፣ በቱቢንገን ጸጥታ።
«ኅዳር ሃያ ሦስት። መጣ። አጥር ላይ ቆመ።
ጅራቱን ነቀነቀ። ሄደ።»
ይኸው ነው የኔ ዜና መዋዕል፦
አራት ግስ፣ አንድ ወፍ፣ ያልተኛ ሹፌር።

የአገሩ ሰው «ቀይ ጉሮሮ» ይለዋል፤
ቀይ እንኳ አይደለም፣ ቀይ ማለት ያበዛዋል።
የበሰለ ፓፓያ ነው፤ ከምንቃሩ ሥር ጀምሮ
ሲበላ ደረቱ ላይ ያፈሰሰው ይመስል።
ክብደቱ አንድ ደብዳቤ፣ ከነቴምብሩ።
ዓይኑ የረጠበ ቁንዶ በርበሬ፤
ያየኛል፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣
ትኬት እንዳልቆረጠ ተሳፋሪ።

ካሜራዬ የሰልባጅ ነው፣ የሰማንያ ዩሮ፤
መዝጊያው ይዘገያል፣ እንደ እንቅልፋም በረኛ።
ላነሳው ስል፣ እሱ ይነሳል።
መቶ አርባ ፎቶ ቆጠርኩ በጥር፤
ሠላሳው ጅራት፣ መቶ አሥሩ አጥር።

በዕረፍቴ ቀን ሾንቡኽ ጫካ ገባሁ።
እዚያ ያለው ዘመዱ ሰው አይወድም፤
ድምፁን ይሰጥሃል፣ ደረቱን አይሰጥህም።
ከቁጥቋጦ ውስጥ ትክ፣ ትክ፣ ትክ ይላል፣
አሮጌ ሰዓት የሚሞላ ሰው ይመስላል።
በወደቀ ግንድ ላይ ሦስት ሰዓት ተቀመጥኩ፤
ሱሪዬ ረጠበ፣ ጣቶቼን ረሳሁ።
ድንገት አንዲት የዱር አሳማ መጥታ
መሬቱን በአፍንጫዋ ገለበጠች፤
ከኋላዋ እሱ፣ ዱብ ዱብ እያለ፣
ከትኩሱ አፈር ትሉን ለቀመ።

ያኔ ገባኝ።
ጎረቤቴ ሮዝቪታ ጓሮዋን ስትቆፍር
እግሯ ሥር የሚያርፈው ፍቅር መስሎን ነበር፤
ለካ እኛ ለሱ
ቦት ጫማ ያደረግን አሳማዎች ነን።
ሳቄ አመለጠኝ። አሳማዋም አመለጠችኝ፣ ወፉም።
ካሜራው አንገቴ ላይ ነበር፤ ክዳኑን እንኳ አልከፈትኩም።

በየካቲት፣ በረዶው ላይ፣ ሌላ ደረተ ቀይ መጣ።
የኔው አላወላወለም፤ ደረቱን ነፍቶ ወጣ፣
ጉሮሮውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ዘፈነ፣
አልሄድ ሲለው ዘሎ ፊቱን ያዘ፤
ሁለት ላባ ቀረ በረዶው ላይ።
«ጀግና ወንድ!» ብዬ ጻፍኩ፤
ከሥሩም ሁለቴ አሰመርኩ።

ሚያዝያ ገባ። አካፋው አፈሩ ውስጥ ቆሟል፣
የኔው ጀግና እጀታው ላይ ተቀምጧል።
ሌላው መጣ፣ ምንቃሩ አባጨጓሬ ይዞ።
ጠብ ጠበቅሁ፤ ካሜራውን ደገንኩ።
የኔው ግን ክንፉን እንደ ጫጩት አንቀጠቀጠ፣
አፉን ከፈተ፣
እንግዳው አጎረሰው።

«ባሏ ነው» አለች ሮዝቪታ ከአጥር ማዶ፣
«እንቁላል ልትጥል ስትል እንዲህ ያጎርሳታል።»
«ይዘፍን አልነበር? ይደባደብ አልነበር?»
«በበረዶው ወራት ሴቷም የራሷ ርስት አላት፤
ትዘፍንበታለች፣ ትደባደብበታለች።»
«ታዲያ ስንት ወር ‹እሱ› ስል እየሰማሽኝ?»
ጓንቷን አወለቀች።
«በኛ ቋንቋ ይሄ ወፍ እሱም እሷም አይደለም፤
ሦስተኛ መንገድ አለን። እኔ አልዋሸሁህም።»

በኔ ቋንቋ ሦስተኛ መንገድ የለም።
ገብቼ ደብተሬን ገለጥኩ፣ እርሳሱን ቀረጽኩ።
መጣ፣ ች። ቆመ፣ ች። ሄደ፣ ች።
ዘፈነ፣ ች።
«ጅራቱን» ላይ ላጲስ አስፈለገኝ።
የየካቲቱ ገጽ ላይ ቆየሁ፤
«ጀግና»ን ተውኳት፣ «ወንድ»ን ሰረዝኩ፣
ሁለቱ መስመር ከነበሩበት አልተነኩ።

ቦታ አልተውኩም ነበር ለካ ከቃል እስከ ነጥብ፤
ኅዳር ላይ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ገጹ ሁሉ ጠበበ፤
ች መግቢያ ስታጣ
ዘላ አራት ነጥቡ ላይ ወጣች፣
እዚያው ቀጭን እግሯን ተክላ
አጥር ላይ እንዳለ ወፍ ቆመች።